ለክፉ ቀን የተቀመጠው ጎማ

በታኅሣሥ ወር በአንድ ቀዝቃዛ ጠዋት፣ የመኪናዬን የኋላ ጎማ ሚስማር ስለ ወጋው፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጆርጂያ አቬኑ ዳር ወዳለ አንድ ጎማ ቤት ሄድሁ። ተራዬን ለመጠበቅ ወደ እንግዳ ማረፊያው ስገባ፣ ሁለት ያገሬ ሰዎች ቆመው ይከራከራሉ። አንደኛው ትከሻቸው የሰፋ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለተኛዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። ሽማግሌው እኔን እንዳዩ ንግግራቸውን ገቱና ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ጌታዬ፣ እግዜር ያመጣዎት ዳኛ ነዎት፤ እባክዎ ይፍረዱን!» አሉኝ።

«ነገሩን ሳልሰማ እንዴት እፈርዳለሁ?» አልኋቸው።

«እውነት ነው፤ ይቀመጡና ይስሙ። ብርሃነመስቀል እባላለሁ። አሰብ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ተሳቢ የነዳሁ ሰው ነኝ። ይህች የወንድሜ ልጅ ሶሊ ትባላለች። ሃይስኩል ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ዛሬ ደግሞ ተማሪ አጥታ መሰለኝ፣ እኔን ጎማ ልታስተምረኝ መጣች።»

«ማስተማር አይደለም ጋሼ፤ ልመና ነው» አለች ሶሊ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአቶ ብርሃነመስቀል ልጅ ምህረት በቅርቡ ወንድ ልጅ ተገላግላ፣ አራስነቷን በአባቷ ቤት ትጨርሳለች። ባሏ በፍቃዱም ሆነ የሚገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ያሉት ከትልቁ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሕፃኑ በጥር አርባ ቀን ይሞላዋል፤ ክርስትና የሚነሣበት ቀን ደግሞ ለአየር ጠባይ ተብሎ አይተላለፍም። እናትና ልጁን በማለዳ ወንዙን አሻግረው የሚያደርሱት አያትየው ናቸው። መኪናቸው፣ ትንሿ ራቭ ፎር፣ ግን የጎማዎቿ ጥርስ አልቋል። ሽማግሌው ሁለት ያገለገሉ ጎማዎች ገዝተው ከፊት ሊያስገቡ መጡ፤ ሶሊ አራት የበረዶ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ካልተገዙ አለች።

«ይህች መኪና ኦል ዊል ድራይቭ ነች» አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው። «አራቱም እግሯ ይገፋል። የበረዶ ጎማ ለምኗ ነው? እሱ ለአላስካ ሰው ነው።»

«ጋሼ፣ አራቱ እግር የሚገፋው ለመሄድ ነው። ፍሬን ሲይዙ ግን የማንኛውም ሰው መኪና በአራት ጎማ ነው የሚቆመው። ያን ጊዜ የእርስዎ ኦል ዊል ከጎረቤት መኪና በምን ይበልጣል?»

«በሹፌሩ!»

እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ሶሊ ግን አልሳቀችም።

«ሹፌሩን ማን ይጠረጥራል? ጎማው ያልያዘለት ሹፌር ግን ተሳፋሪ ማለት ነው።»

«ቅዱስ ሚካኤልስ? ሥዕሉን ከፊቴ ሰቅዬ የለም እንዴ?»

«አሰብ ሲወርዱም ሥዕሉ ነበር አይደል? ታዲያ ፍሬን ሳያዩ ከአዲስ አበባ ወጥተው ያውቃሉ?»

«ምን ነካሽ! ፍሬን ሳላይማ ከጋራዥ ንቅንቅ አልልም!»

«ቅዱስ ሚካኤልስ ተቀየመዎት?»

ከዚህ ላይ የታዘብሁትን ልናገር። ብዙ ወጣት እውቀቱን እንደ ዱላ ይዞ ይመጣና ሽማግሌውን አሸንፎ ይሄዳል፤ ሽማግሌውም ተሸንፎ በነበረበት ይቀራል። ይህች ልጅ ግን የሰውዬውን የገዛ እውቀት እየፈለገች ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደ ተማሪ ጠየቀቻቸው።

«አሰብ መንገድ ላይ ቀትር ሲሆን ለምን ነበር የምትቆሙት?»

«ጎማው ይግላላ! ይለሰልሳል። ሚሌ ላይ ጥላ ፈልገን ፀሐይዋ እስክትበርድ እንተኛለን። እንቢ ብሎ የነዳ ያፈነዳል። ስንቱን አይቻለሁ!»

«እንግዲያው ጎማ እንደ አየሩ ጠባዩን ይለውጣል ማለት ነው።»

«አሳምሮ!»

«ሙቀት ካለሰለሰው፣ ብርድ ምን ያደርገዋል ጋሼ?»

የሚያውቁት ነገር ግማሹ ሳይነካ እንደ ኖረ ያን ጊዜ የገባቸው መሰለኝ። ሆኖም እጅ አልሰጡም።

«ይሁን፤ ለዚያም ተዘጋጅቻለሁ» አሉ። «እኛ ሹፌሮች ምርጡን ጎማ ስኮርታ፣ ማለት መጠባበቂያ፣ እናደርገዋለን። መኪናዋን ከገዛኋት ጀምሮ መሬት ያልነካ አዲስ ጎማ በጀርባዋ አዝላለች። በረዶው ከባሰ እሱን አስገባዋለሁ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥሁት ነው።»

«እንየዋ!» አለች ሶሊ።

ሦስታችንም ወደ ግቢው ወጣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አቶ ብርሃነመስቀል፣ ሙሽራ እንደሚገልጥ ሰው እየኮሩ፣ በኋላው በር ላይ የተሰቀለውን ጎማ ከሽፋኑ አወጡት። ጥርሱ በእርግጥ ሙሉ ነበር። ሶሊ ግን ጎኑ ላይ የተቀረጹትን አራት ቁጥሮች አሳየቻቸው።

«እነዚህ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ጥርስ ብቻውን የጎማ ዕድሜ አይናገርም። እስቲ ጎኑን በእጅዎ ይዳስሱት።»

ሽማግሌው ጓንታቸውን አውልቀው ዳሰሱት። ላስቲኩ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ተጫኑት፤ ጥፍራቸው አልገባም። ሶሊም ወደ ውስጥ መልሳ ከመደርደሪያው ሥር ያለ የበረዶ ጎማ አስነካቻቸው። ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ምልክት ነበረበት፤ ጥርሱም ሆን ተብለው በተበጡ ቀጫጭን መስመሮች የተሞላ ነው። ያን ጊዜ ጥፍራቸው ገባ። ወደ ስኮርታው ተመለሱ፤ ተጫኑት። እንደ ገና ወደ አዲሱ ሄዱ፤ ተጫኑት። በዚያ እጅ ሃያ ዓመት ጎማ ሲመረመር ኖሯልና፣ ለእጃቸው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

«ይህ ለብርድ የተቀመመ ላስቲክ ነው» አለች ሶሊ። «ሌላው ሲደነድን እሱ እንደ ለሰለሰ ይቆያል፤ በረዶውንም ይነክሳል።»

«ሁለቱን ከፊት ብናስገባስ? መሪው ያለው ከፊት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አሁን የተከራካሪ ሳይሆን የጠያቂ ነበር።

«የፊቱ ሲይዝና የኋላው ሲንሸራተት መኪናዋ ትዞራለች። ሕፃኑ የሚቀመጠው ከኋላ ነው፣ ጋሼ።»

አቶ ብርሃነመስቀል ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኛው፣ ምን ይላሉ?»

«ፍርዱን ጥፍርዎ ሰጥቶታል» አልኋቸው።

በቀስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ለክፉ ቀን ብዬ ሳስቀምጠው፣ እሱ በመቀመጡ ተበላሸ» አሉና ጎሚስታውን ጠሩት። የጎማውን መጠን ከሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ አንብበው፣ አራት የበረዶ ጎማዎች ከነብረት ቸርኬያቸው አዘዙ። ለስኮርታውም ጎማ አስቀየሩ። ስንለያይ እንዲህ አሉኝ፦ «የፈረደ ሰው ይመስክር። በክርስትናው ቀን ከእኛ ጋር ይሄዳሉ።»

ቀኑ ሲደርስ ሌሊቱን የጣለው በረዶ ገና አላባራም ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ለድግሱ ከዋዜማው ተሻግረዋል። እኔ ከፊት፣ ምህረትና ሶሊ ሕፃኑን መካከል አድርገው ከኋላ ተቀመጥን። ሽማግሌው አማትበው አስነሡ። ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና በዝግታ ያዝን፤ የዊልሰንን ድልድይ ተሻገርን። ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት ካለው ቁልቁለት ስንደርስ ግን፣ ከፊታችን ይወርድ የነበረ የእኛን እጥፍ የሚያህል መኪና ፍሬን ያዘና፣ እንደ ተንሸራታች ሣጥን ዞሮ መንገዱን አግድም ዘጋው።

ምህረት «ልጄን!» አለች።

አቶ ብርሃነመስቀል ፍሬኑን ረገጡ። ከሥራችን ጎማዎቹ በረዶውን ሲነክሱት ተሰማኝ። መኪናዋ ሳትወላውል፣ አንድ መኪና የሚያስቆም ቦታ ተርፏት ቆመች። ሽማግሌው በመስተዋት ወደ ኋላ አዩ፤ ሕፃኑ እንቅልፉን አላቋረጠም።

«መሄዷን ድሮም አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «መቆሟን ዛሬ አየሁት። ሶሊዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

የትልቁ መኪና ባለቤት ፀሐዩ የሚባል የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበር። ምንም ሳይሆን ወርዶ እየተገረመ መጣ።

«አባቴ፣ እንዴት ቆማችሁ? የእኔም እኮ ኦል ዊል ነው!»

«እሱ ለመሄድ ነው፣ ወንድሜ» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል በታላቅ እርጋታ። «ለመቆም ሁሉም ሰው አራት ጎማ ነው ያለው።»

«ጋሼ፣ ይህን ነገር የት ነው የሰማሁት?» አለች ሶሊ ከኋላ።

«ከእኔ ነዋ! አሁን አልሰማሽም?»

ምህረት እያለቀሰች ሳቀች። ፀሐዩ መኪናውን ዳር አስይዞ በእግሩ ተከተለን፤ ስንደርስ ካህናቱ ገና እየጠበቁ ነበር። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ተጠመቀ፤ እልልታው አዳራሹን ሞላው።

ከምሳ በኋላ አያትየው ሊመርቁ ተነሡ። ከምርቃቱም በኋላ አልተቀመጡም። «ሁለት ወገን ጎማ ያለው ሰው አልከሰረም» አሉ። «አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ይቆያሉ። በየራሳቸው ቸርኬ ላይ ከዋሉ ክሪክና ቁልፍ ያለው ሁሉ በደጁ ይለውጣቸዋል። ለበረዶ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨውም ጥሩውን ቸርኬ አይበላም። የበረዶውን ጎማ ግን በሙቀት አትንዱበት፤ ያልቅባችኋል። ቀኑን እንዳትረሱ እኔ ልንገራችሁ፦ ለኅዳር ሚካኤል ይገባል፤ ለመጋቢት መድኃኔዓለም ይወጣል!» ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ቀኑን ግን የረሳው የለም።

በተከተለው ዓመት የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እኔም የራሴን አራት ጎማዎች ጭኜ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አቶ ብርሃነመስቀል ቤት ሄድሁ። ከደጃቸው ላይ መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ ፀሐዩ ክሪክ ይዞ ተንበርክኳል። ያ የተሰነጣጠቀ ስኮርታ በአጥሩ ጥግ ተጋድሞ፣ መካከሉ አፈር ተሞልቶ ጎመን በቅሎበታል።

«ዳኛው መጡ!» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ሲመለሱ ከዚያ ጎመን ይቆርጣሉ። ዘጠኝ ዓመት አዝዬው ኖሬ፣ ሥራ ያገኘሁለት ገና አሁን ነው።»