ታቦት በቀጠሮ አይቆምም

አንደበትን የሰጠን፣ ለአንደበትም ልጓም ያበጀለት አምላክ ክብር ምስጋና ይድረሰው፤ የማወጋችሁንም ከሐሰት ይጠብቅልኝ። አሜን በሉ እንጂ፤ እናንተ አሜን ካላላችሁ እኔ ብቻዬን ምኑን አወራዋለሁ?

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት አንድ ማዕድ ነበሩ። ገዥው ሲመጣ ቅኔ እንቀኝለታለን፣ እርሱም መሬት ይሰጠናል፣ እናም ክብር መሰለን፤ ክብር መሰለን እላችኋለሁ። ታዲያ ቤተ መንግሥቱ ለካ እኛን ተደግፎ ኖሮ፣ ሲወድቅ ይዞን ወደቀ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ነው የሚያጫውታችሁ፤ ጨዋታው ግን የጥንት አይደለም፣ እዚሁ ጅማ የሆነ፣ የቅርብ ነው።

ደምሰው የሚባል የቡና ነጋዴ አለ፤ በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ። እዚሁ በጅማው መርካቶ አጠገብ መጋዘን አለው፣ ለደብራችን ጣሪያ ቆርቆሮ የሰጠን እርሱ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ይህ ሰው ለምክር ቤት በግሌ ልወዳደር አለ። የምርጫ ምልክት ምረጥ ቢሉት መስቀል አለ፤ የሃይማኖት ምልክት አይፈቀድም አሉት። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥላ መረጠ! ለምርጫ ሹሞቹ ዝናብ ለሚበዛበት አገር የሚሆን ጃንጥላ ነው አላቸው፤ ለእኛ ደግሞ ከቅዳሴ ስንወጣ በር ላይ እየቆመ፣ ዓይኑን ጠቀስ እያደረገ፣ የታቦቱ ጥላ ነው ይለናል። እና ከዚያ ወዲያ ዲያቆኑ ጥላ በዘረጋ ቁጥር ምእመናኑ በክርን መጎሻሸም ሆነ። ጸሎት ላይ ነን ወይስ ቅስቀሳ ላይ?

ጥምቀት ሲቃረብ ቤቴ ድረስ መጣ።

«የኔታ፣ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ በመጋዘኔ ደጅ ያልፋል አይደል?»

«ያልፋል» አልሁት።

«እዚያ ጥቂት ቢቆምስ? ክርስቲያን በክርስቲያን እንዲመራ ሕዝቡ ምልክት ይፈልጋል።»

«ደምሰው፣ ታቦት በቀጠሮ አይቆምም።»

«ከቆመስ?» አለኝ።

«ከቆመ ያቆመው ያውቃል» አልሁት። ይህችን መናገሬ ነው ጥፋቴ። ታቦት በመንገድ ላይ አልንቀሳቀስም ሲል ምእመኑ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ምልክት ነው ብሎ መሬት ስሞ ይውላል።

ታዲያ የመመለሻው ቀን ደረሰ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሐጂ ነስሩ የሚባል ልብስ ሰፊ ወዳጅ አለኝ፤ ጸጉራችን አብሮ ነው የሸበተው። ታቦት የሚሸከሙት ቄስ የሚደርቡትን ካባ ጠርዙን የጠለፈው እርሱ ነው፤ ጥልፍ የሚያውቅ ሌላ ሰው ብንፈልግ አጣን። የዚያን ዕለት ማለዳም ከሙስሊም ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አቧራው እንዳይነሣብን መንገዱን ውኃ ሲረጩ ቆይተዋል። ደምሰው ደግሞ በበኩሉ ፊቱና ጥላው የተሳሉበትን ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ ደጁ ላይ አስቸንክሯል።

እና ዝማሬው ደምቆ፣ ሕዝቡ እየተጋፋ፣ ልክ ከሰሌዳው አጠገብ ስንደርስ ቄሱ ቀጥ አሉ። አንድ እርምጃ ሞከሩ፣ አልሆነም። ደግመው ሞከሩ፣ አልሆነም። ታቦት በራስ ላይ ተሸክሞ ዞር ብሎ ማየት የለምና እንባቸው ዱብ ዱብ ይል ጀመር። እልልታው ቀለጠ፣ ሕዝቡ ተንበረከከ፣ እኔም ተንበረከክሁ፤ አልዋሻችሁም።

ደምሰው ታዲያ ከመዘምራኑ መኪና ላይ ማይኩን ነጠቀና፣ «ታቦቱ መርጧል! ታቦቱ የቆመለትን እናንተ አትለፉት። ይህች ከተማ የማን እንደሆነች ዛሬ ተነገረ» አለ። ውኃ ሲረጩልን ካረፈዱት አንዱ ባልዲውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ይኼኔ ሐጂ ነስሩ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «መሪጌታ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ካባውን ምስማር ይዞታል» አለኝ።

«የምን ምስማር?»

«የሰሌዳው እግር ላይ ያለው። አንድ ጊዜ ደግመው ከሳቡት ጥልፌ አለቀለት።»

«ታዲያ አትናገርም?»

«ወላሂ እኔ ብናገር ተአምራቸውን ሙስሊሙ ነጠቃቸው ይባላል። ይህ የእርስዎ ሥራ ነው።»

እውነቱን ነው። ብናገር መሪጌታው ተአምር ካደ ሊሉኝ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ሐሰትን በታቦት ስም ማጽደቄ ነው፣ ባልዲውን ይዞ የገባው ሰውም ከእንግዲህ አይወጣልኝም። ታዲያ ተነሣሁና ደምሰውን ጠራሁት። ታቦቱ ለአንተ ከቆመ ቀርበህ ስገድ አልሁት፤ እርሱም ደስ ብሎት፣ ማይኩን ከእጁ ሳይለቅ መጥቶ ተደፋ። እኔም ልክ እንደ ፊደል ገበታው ጊዜ መቋሚያዬን ዘርግቼ እያመለከትሁ ጠየቅሁት።

«ከቄሱ እግር በስተኋላ ምን ይታይሃል?»

«ካባ፣ የኔታ።» ይህ በድምፅ ማጉያው እስከ መስጊዱ ተሰማ።

«ካባውን ምን ያዘው?»

በመቋሚያዬ መሬቱን ኳ አደረግሁ።

«ምስማር።»

«ምስማሩ የማን ነው?»

«የ... የኔ ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያስ ልቀቅ።»

በጣቱ ፈልቅቆ ቢለቀው ቄሱ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ተስፈነጠሩ፣ ጥላ ያዡ ሮጦ ደረሰባቸው፣ እና እልልታውና ሳቁ ተደባለቀ፤ ሥርዓት አስከባሪው ፖሊስ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ታቦቱም በሰላም ወደ መንበሩ ገባ።

በማግስቱ ደምሰው መጥቶ የኔታ አዋረዱኝ አለኝ። እኔ ጠየቅሁ እንጂ የመለስኸው አንተ ነህ አልሁት። ልጆቼ፣ ክርስቲያን አይሾም አላልሁም፤ ይሾም፣ ግን በፍርዱ ይመዘን እንጂ በታቦት ጀርባ ተንጠልጥሎ አይግባ።

ምን አልሽ አንቺ? ታዲያ አሸነፈ ወይ? አላሸነፈም። ግን ሐጂ ነስሩ ድምፁን ለእርሱ ሰጥቷል! አዎ፣ ራሱ ነው የነገረኝ። «ሐጂ፣ ምን ነካህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «መሪጌታ፣ በሕዝብ ፊት፣ በማይክ፣ ጥፋቱን የኔ ነው ያለ ሌላ ተወዳዳሪ ካለ ያሳዩኝና ለእርሱ ልስጥ» አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ የማሳየው አጥቻለሁ፤ ሃ ሃ ሃ።

በሉ፣ የሰማችሁኝን ሁሉ ጆሯችሁን ለእውነት ይክፈትላችሁ፣ ደግ ጎረቤት አያሳጣችሁ፣ አገራችሁን በፍቅር ያቁምላችሁ። አሜን።