የሽማግሌዎቹ ሾፌር

ከሴንት ሉዊስ ፓርክ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ላይ፣ ባርኔጣ ያደረጉ አባት አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት ሲያወሩ ሰማሁ።

«ትናንት ለልጄ ሽማግሌ መጣ፤ እኔም እሺ አልኩ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! እሷስ ምን አለች?»

«እሷ ምን ትላለች? የሚጠየቀው አባት ነው።»

«ሽማግሌዎቹ በዚህ በረዶ በምን መጡ?»

«እሷው ልጄ ናት ያመጣቻቸው! ከሁላችን ድራይቭ የምታደርገው እሷ ብቻ ናት።»

«ለምን እንደመጡ ሳታውቅ?»

«እንግዶች ናቸው ብያት ነበር። ስትመልሳቸው ታዲያ እነሱም የጎረቤት ልጅ መስላቸው፣ ‹ሙሽሪት አንገቷን የደፋች ናት፤ አባቷ ያላትን ትሰማለች› እያሉ መኪና ውስጥ ያወሩልሻል!»

«በስመ አብ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አቆመችና ‹ውረዱ› አለቻቸው። አራት ሽማግሌ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ በረዶ ላይ! እሷም ቤት አልገባችም፤ ፔጀሯ ላይ ‹ደውይልኝ› የሚል መልእክት ብልክ ብልክ አልደወለችም።»

«እና አሁን ይቅርታ ሊጠይቋት እየሄዱ ነው?»

«እሷን? ኧረ ሽማግሌዎቹን ነው እንጂ!»

እኔም ቅዳሜ ለሽምግልና ስንሄድ መኪናውን የሚነዳልን ማን እንደሆነ አለመጠየቄ ትዝ አለኝ።