የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ኮምፒውተር ለምን ተንቀራፈፈ?

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና ላስጽፍ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳሉት ጽሕፈት ቤቶች ስሄድ መሪጌታ ክንፈሚካኤልን ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም። ከጎናቸው ባለው የእታለም የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ደጅ፣ አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን ባለጉዳዮች ይቆጥሩ ነበር።

«ዘጠኝ» አሉኝ፣ ሰላምታዬን ሳይመልሱ። «ዘጠኝ ሰው! እኔ ዘንድ ያለችው አንዲት ሴት ናት።»

መሪጌታ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የጻፉ፣ ቅኔ የተማሩ፣ አቤቱታቸው የዳኛ ልብ ያራራል የሚባልላቸው ሰው ናቸው። መጀመሪያ በእጅ፣ ኋላ በታይፕ ይጽፉ ነበር። ከስምንት ወር በፊት እታለም ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ መጥታ አጠገባቸው ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ግን ሰላም የላቸውም። የእሷን አይተው ታይፓቸውን ሸጡና ኮምፒውተር ገዙ። እሷ አንድ ፕሪንተር ቢኖራት እሳቸው ሁለት ደረደሩ። እሷ በሯ ላይ «ፍላሽዎ ከቫይረስ ይጸዳል» የሚል ወረቀት ብትለጥፍ፣ እሳቸው «ሦስት ጊዜ ይጸዳል» ብለው ለጠፉ።

ይህን ሁሉ አድርገውም ባለጉዳዩ ወደ እሷ ነጎደ፤ የእሳቸው ኮምፒውተር ይንቀራፈፋላ። «ሀ»ን መትተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው መልሰው ሲያደርጉት ነው «ሀ» ብቅ የምትለው።

እኔም ብሆን ቅናትን ከመጽሐፍ አላወቅሁትም። አብሮኝ የሚያስተምረው ባምላኩ ለሁለተኛ ዲግሪ የተመረጠ ጊዜ «እንኳን ደስ አለህ» ያልሁበት አፌ ሳምንት ሙሉ ሲመረኝ ከርሟል። ስለዚህ የሽማግሌውን ፊት ሳይ ሕመሙ የት ላይ እንዳለ ገባኝ።

ውስጥ ገባን። ከጥግ ወንበር ላይ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ የቡሬ ገጠር ሴት ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞተ ወዲህ የባላቸው ወንድም የእርሻ መሬታቸውን ይዞባቸው፣ በወረዳው ፍርድ ቤትም ተፈርዶባቸዋል። የይግባኙ የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው። መዝገብ ቤቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ ሰዓቴ ዘጠኝ ተኩል ይላል።

«ስንት ገጽ ቀረ?» አልሁ።

«ሁለት» አሉ መሪጌታ። «ከጠዋት ጀምሬ ስድስት ገፋሁ። በታይፕ ቢሆን ይሄኔ ቤቷ ገብታ ነበር።»

«እንግዲያው የቀረውን እታለም ዘንድ ወስደን እናስጨርሰው።»

«እኔ? ከዚያች ልጅ ደጅ ልቆም?» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ምን ቆርጦኝ! ሰኞ ባሕር ዳር ወርጄ ሌላ ኮምፒውተር እገዛለሁ።»

«ይሄኛው ምን እንደጎደለው ሳያውቁ?»

«የሸጠልኝ ሰው ሜሞሪ አንሶታል ቢለኝ አስጨመርሁለት። ያው ነው። የቀረው መለወጥ ነዋ!»

«መሪጌታ፣ ይቅርታዎንና፣ ሰውዬውም የገመተውን ነው የነገረዎ። እርስዎም የሌላ ሰው ግምት ይዘው ገበያ ሊወርዱ ነው። ለምን የሚያውቅ ሰው አይቶ አይነግርዎትም?»

«የሚያውቅ ሰው!» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «የሚያውቀውማ እሷ ናት። እኔን የሚያቃጥለኝ ምን ሆነና! የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። መብራታችን አንድ፣ ወረቀታችን አንድ። የእሷ ይሮጣል፣ የእኔ ይተኛል። የሆነ ነገር አድርጋብኛለች ስልዎ! በባለጉዳይ ፍላሽ በሽታ ትልክብኛለች። አውቄባት ነው ሦስት አንቲቫይረስ ያስጫንሁት። እሷኮ ያላት አንድ ብቻ ነው።»

ይህን የመጨረሻውን ሲናገሩ ደረታቸው ትንሽ ቀና ማለቱን ልብ አልሁ። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ አላውቅም። ቢሆንም ሰው በቅናት የሚሠራው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ እንደማይበጀው ታሪክም ያስተምራል።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ተነሡ።

«መርጌታ» አሉ በለዘበ ድምፅ፣ «አንቱ የጻፉት ቃል ሆዴን አባብቶታል፤ እግዜር ይስጥዎ። ብቻ ቅናቱ የአንቱ ነው፤ መሬቱ የእኔ ነው። ልጅቱን ልጥራት።»

ሴትዮዋ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ እታለምን አስከትለው ተመለሱ። ዘጠኙን ሰዎቿን ትታ ነው የመጣችው። ደፍ ላይ ቆማ «ልግባ፣ የኔታ?» አለች። መሪጌታ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ «ግቢ» አሉ።

«እስቲ ማንም ምንም አይንካ» አለችና ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አንድ ትንሽ መስኮት ተከፈተ። በውስጡ አረንጓዴ መስመር ጣሪያውን ነክታ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

«ይቺ መስመር የፕሮሰሰሩን ሥራ ነው የምታሳየን» አለች። «ፕሮሰሰር ማለት ያዘዝነውን ሁሉ የሚሠራልን የኮምፒውተሩ ክፍል ነው። ሥራ ሲፈታ መስመሯ ወለሉ ላይ ትተኛለች። አሁን እኛ ምንም አላዘዝነውም፤ እሱ ግን መቶ በመቶ ተይዟል።»

«በማን?» አሉ መሪጌታ፣ ሳያስቡት ወደ መስታወቱ እየተጠጉ።

«እሱን እንይ።» በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፈተችና ብዙ የሚይዘው ከላይ እንዲሆን አስተካከለችው። «ይኸውልዎ። አንደኛው ሠላሳ አምስት ይዟል፣ ሁለተኛው ሠላሳ ሦስት፣ ሦስተኛው ሠላሳ። ሦስቱም አንቲቫይረሶች ናቸው። ለእርስዎ ጽሑፍ ሁለት ቀርቷታል።»

«ከመቶ ሁለት?»

«ከመቶ ሁለት።»

«ሜሞሪውሳ?»

«ከግማሹ በላይ ባዶ ነው። የጨመሩበት ያለ ሥራ ተቀምጧል። መጀመሪያ ይህን አይተው ቢሆን ኖሮ አይገዙትም ነበር።»

መሪጌታ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። «ጥበቃ ቢበዛ ምን ክፋት አለው? በአንድ በር ሦስት ዘበኛ ቢቆም ሌባ ይፈራል እንጂ!»

«ልክ ነው፣ የኔታ። ነገር ግን አንዱ የፈተሸውን ሁለተኛው እንደገና ይፈትሻል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ይጠረጥራል። ‹ሀ› ብለው በጻፉ ቁጥር ይህ ሁሉ አለ። አንድ በቂ ነው፤ ሁለቱ ይውጡ።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከኋላ ሆነው ሳቁ። «እኛም ወፍጮ ቤት ተራ ሲረዝም ወፍጮውን እንሰድባለን። ኋላ ገብተን ስናይ አንድ ሰው የመንደሩን እህል ሁሉ ጭኖ መጥቷል።»

«እንደሱ ነው፣ እናቴ» አለች እታለም።

«ታዲያ ጥፋቱ ሁልጊዜ ከፕሮሰሰሩ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ እኔም።

«አይደለም፣ መምህር። ከባድ ሥራ ሲሰጡት ለጊዜው መቶ ይደርስና ይመለሳል፤ ያ ጤና ነው። ምንም ሳያዙት ከላይ ከቀረ ማን እንደያዘው መፈለግ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ኮምፒውተሩ ከዘገየ ደግሞ ሜሞሪውን ወይም ዲስኩን ማየት ነው። ዋናው ከመግዛት በፊት ማየቱ ነው።»

መሪጌታ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ደግመው አዩት። ከባዱ ነገር የቱ እንደሆነ እኔ ገብቶኛል። «እንግዲህ አንድ ብቻ ሊቀረኝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እንዳንቺ።»

«እንደኔ፣ የኔታ።»

«አውጪያቸው።»

ሁለቱን አስወጥታ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣችው። አረንጓዴዋ መስመር ወለሉ ላይ ወርዳ ተኛች። መሪጌታ «ሀ»ን መቱ፤ «ሀ» ወዲያው ወጣች። ደግመው መቱ። ከዚያ እንደ ልጅ መስመሩ እስኪሞላ «ሀሀሀሀ» እያሉ ሄዱ።

«ግድ የለም፣ ንገሪኝ» አሉ ወዲያው ፊታቸው ጠቁሮ። «የአንቺስ ፕሮሰሰር ምን ያህል ነው?»

እታለም አመነታች። «የእኔማ ከእርስዎ ያነሰ ነው፣ የኔታ። አንድ መሥሪያ ቤት ሲያስወግድ የገዛሁት አሮጌ ነው። እርስዎ አዲሱን ያመጡ ዕለት እኔ ስቀና አደርሁ።»

መሪጌታ ቁጭ አሉ። ስምንት ወር የቀኑበት ነገር ገበታቸው ላይ ከነበረው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱ ገጽ በአሥር ሰዓት ተኩል ተጠናቀቀ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ወረቀቱን በነጠላቸው ጠቅልለው ሮጡና ማኅተም የተመታበትን ግልባጭ ይዘው ተመለሱ። መዝገብ ቤቱ ተቀብሏቸዋል። መሪጌታ ይህን ካዩ በኋላ ተነሥተው፣ በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ እታለም ደጅ ሄዱ። እኔም ተከተልኋቸው።

«እታለም» አሉ፣ ባለጉዳዮቿ እየሰሙ። «ኮምፒውተርሽ ቢቆምልኝ ለሚካኤል ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተስዬብሽ ነበር።»

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። «ኧረ የኔታ! ሁለት ጊዜኮ ቆሟል።»

«ምን አደረግሽው?»

«ምን እንደያዘው አየሁና አስነሣሁት።»

«እግዚኦ» አሉ መሪጌታ። «እንግዲያው ሁለት ጃንጥላ አለብኝ።»

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ መስመሯን ያያሉ፤ ከፍ ብላ ካገኟት ማን እንደያዘው ሳያውቁ አይነሡም። የባሕር ዳሩ ግዢ ቀረ፤ ባለጉዳይም ተመለሰ። እታለም ቃል ያማረ አቤቱታ የሚፈልገውን ወደ እሳቸው ትሰዳለች፤ እሳቸው ቶሎ መባዛት ያለበትን ወደ እሷ። አንባቢ ሆይ፣ ቢሮህ ያለው ኮምፒውተር ቢዘገይብህ ሻጩንም ጎረቤትህንም ከመውቀስህ በፊት ከፍተህ እይ። ገንዘብህም፣ ጊዜህም፣ ጎረቤትህም ይተርፉልሃል።

ሰኔ አሥራ ሁለት ሚካኤል ሲነግሥ እኔም ከሕዝቡ መካከል ነበርሁ። መሪጌታ ሁለት ጃንጥላ ይዘው ቀረቡ። ካህኑ እንደ ወጉ «ምን ተደርጎልዎት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በሰው ላይ ክፉ ተመኝቼ ነበር» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የተመኘሁት ደረሰ። ለእኔ ግን አንዳች አልጠቀመኝም።»

ሕዝቡ እልል ይበል ዝም ይበል ግራ ገባው። ከሴቶቹ በኩል መጀመሪያ እልል ያለችው እታለም ናት።