የፓፓያው ጋቢ

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ሥራ ፍለጋ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣሁ። የሐረጎን ዳገት ስናልፍ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ፤ የለበስኩት አንድ ስስ ሸሚዝ ነው። ሆጤ ሰፈር ውስጥ ክፍል ያከራዩኝ እትዬ ዘሀራ የቢስቲማ ሰው ነበሩ። ከዚያ ከቆላው ያመጡትን የፓፓያ ችግኝ ግቢያቸው ተክለው፣ ውርጭ እንዳይመታው ጀምበር ስታዘቀዝቅ በጋቢ ይጠቀልሉታል። "ደሴ ላይ ፓፓያ አይበቅልም" ያሏቸውን ጎረቤቶች ለማሳፈር ቆርጠዋል።

አንድ የኅዳር ምሽት ሲጠቀልሉት አየሁና ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ "እትዬ፣ ምነው እኔንም በተከሉኝ!" አልኳቸው። ቀልዴን ነበር። ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ያ ረቢ! ለካ አንተም የቆላ ነህ" አሉና ጋቢውን ከተክሉ ገፈው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። እምቢ ብልም አልሰሙኝም።

ጠዋት ፓፓያው በውርጭ ጠቁሮ አንገቱን ደፍቷል። ጋቢውን አጥፌ ልመልስላቸው ስል፣ "አሁን ማንን ላልብስበት? ያዘው ልጄ። ጎረቤት እንደሆነ ይሳቅ" አሉኝ።

ጀሪካናቸውን አንስቼ ውሃ ልቀዳላቸው ወጣሁ።