ያልተጋጠው ሳር

ካራማራን እንደዚያ ቀን አረንጓዴ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከሐረር ወደ ጅጅጋ እየሄድን ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ ሹፌሩን ለምኜ አስቆምኩና ፎቶ ላነሳ ከአስፋልቱ ወርጄ ጉልበቴ የሚደርስ ሳር ውስጥ ገባሁ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ አብረውን የተሳፈሩ አንድ የሶማሌ ሽማግሌ "ልጄ፣ ባለህበት ቁም" አሉኝ። እባብ ያዩ መስሎኝ ደርቄ ቀረሁ።

"ፍየል በሞላበት አገር ይሄ ሳር ለምን ሳይጋጥ ቀረ ብለህ አልጠየቅክም?" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "ከጦርነቱ የተረፈ ፈንጂ አለበት። እኛ ከብት አናስገባም። ወንድሜ ከነግመሎቹ እዚህ ነው የቀረው።"

"ታዲያ እንዴት ልመለስ፣ አባባ?"

"ስትገባ የረገጥከውን እየረገጥክ።"

ቀስ ብዬ አንገቴን አዞርኩ። የረገጥኩት ሳር ሁሉ ተመልሶ ቀና ብሏል።