«ይለፍ» ያልኩት ፉጨት

ክብርት ወይዘሮ ዘርፌ፣ የስቱዲዮአችን ሥራ አስኪያጅ፤ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ይህን የስንብት ምሳ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ጉርድ ሾላ ላይ በምሳ ሰዓት ለሠላሳ ሰው አንድ ላይ መቀመጫ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሾፌራችን ሙክታር ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ሲያመላልስ አይቼዋለሁ። ሙክታር፣ እጅህ ይባረክ።

ለስጦታውም አመሰግናለሁ። ካርቶኑ ሳይከፈት ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ሳቃችሁ አጋልጧችኋል። የጆሮ ማዳመጫ ነው፣ አይደል? እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ለመሆኑ እኔ ስለ ዳክ ሳወራ ሰልችቶት ምሳውን ይዞ ሌላ ጠረጴዛ ያልሄደ ማነው? እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ አንድም ሰው የለም! ዛሬ ግን መሄጃ የላችሁምና ለመጨረሻ ጊዜ ስሙኝ። ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ድምፅ ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር በማዳመጫ ወደምንሰማው ድምፅ የምትቀይረው ዕቃ ዳክ ትባላለች። እኔ ቤቴ ሦስት አሉኝ። አንዷን፣ አውራ ጣት የምታክለውን፣ ከመገናኛ ገዛኋት። ሁለተኛዋ ከዱባይ መጣችልኝ። ሦስተኛው ጡብ የሚያክል ነው፤ ቦሌ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ ሀገሩ ሲመለስ የሸጠልኝ። የሒሳብ ክፍሉ አረጋዊ ይህን ሲሰማ ምን አለኝ? «ጋሼ፣ በሁለት ጆሮ ሦስት ዳክ ምን ያደርግልዎታል?»

ያኔ ሳቅሁ። መልሱን ያገኘሁት ከአምስት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዛሬ የቆምኩትም እሱን ልነግራችሁ ነው። ጡረታዬ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። «ላጲሶ ለምን ቸኮለ?» ስትባባሉ ሰምቻለሁ።

የዚህን ቤት ልማድ ታውቃላችሁ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጬ «ይለፍ» ካላልኩ አንድም ቅጂ ከዚህ ሕንፃ አይወጣም። ከተማው ሲገነባ፣ ከቦሌ እስከ አያት በየቀኑ አዲስ ፎቅ ሲቆም፣ «የሕልምዎ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ስንቱን አሳለፍኩ! በዚያው መሀል ግን አንድ የምኮራበት ሥራ ነበረን። መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም የሄደባቸውን የየካ አባዶ ገበሬዎች፣ የወንዙን፣ የማሳውን፣ የድንበሩን ስም ሳይረሱት እንቅረጽ ብለን የሄድንበት ሥራ። ኦቦ ጃለታን ታስታውሷቸዋላችሁ? ሰማንያ ያለፋቸው፣ እያንዳንዱን ማሳ በስሙ የሚጠሩ፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን ያላቸው። እኔ ዛሬ የምኖርበት አራተኛ ፎቅ የቆመው እሳቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እየሳቁ።

ካቻምና፣ የቀረጽን ዕለት፣ መብራት ጠፋ። መሣሪያችንን በሙክታር መኪና ባትሪ፣ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ኢንቨርተር አስነሣነው። ቀራጯ ገላኔ ነበረች። ማዳመጫዋን አውልቃ መጣች።

«ጋሽ ላጲሶ፣ ፉጨት አለ። ኢንቨርተሩ መሰለኝ።»

«የታለ?»

«ቀጭን ነው። ከፍ ዝቅ ይላል። ነገ መብራት ሲመጣ ብንመለስስ?»

ተቀብያት አዳመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «የለም» አልኩ። «ማዳመጫሽን ቀይሪ። ይለፍ።»

እሷ ግን አልተወችውም። ቢሮ ስንመለስ በሁላችሁ ፊት ደግማ አነሳችው። እኔ ምን አልኩ? «ይቺ ልጅ የሌለ ነገር ትሰማለች።» ሳቃችሁ። «ፉጨት» የሚል ስምም ወጣላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቀረጻ ተነስታ ወደ ካሴት ክፍል እንድትዛወር የፈረምኩት እኔ ነኝ። የኦቦ ጃለታን ቋንቋ አሟልታ የምትሰማው፣ ሽማግሌው «ልጄ» የሚሏት እሷን ነበር። ያቺን ልጅ አቧራ መካከል አስቀመጥኳት።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ሦስቱን ዳኮች ባለቤቴ እንቁ ልብስ በምትተኩስበት ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አወዳድራለሁ። መጀመሪያ ጡቡ አሸነፈ። ቀጥሎ ለእናንተ የማስተምረው ነገር ትዝ አለኝ፤ ትንሽ ጮክ የሚለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። በመለኪያ ሦስቱንም እኩል አደረግኋቸው። ልዩነቱ ጠፋ። ያቺ አውራ ጣት የምታክለውና ጡቡ አንድ ሆኑብኝ! ተናደድኩ። በደንብ የማውቀው ድምፅ ቢሆን ይሻላል ብዬ የኦቦ ጃለታን ቅጂ ከፈትኩ። አሁንም አንድ ነው። በደብተሬ ላይ ለሦስቱም «ንጹሕ» ብዬ ጻፍኩ።

እንቁ የሚተኮስ ልብስ ታቅፋ መጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ጠረጴዛዬን መቼ ነው የምትለቅልኝ?»

«አንዴ ስሚና የቱ እንደሚሻል ንገሪኝ።»

ልብሱን ወንበር ላይ ጥላ ማዳመጫውን አደረገች። ፊቷ ተኮሳተረ። «ሽማግሌው ሲያወሩ ደስ ይላሉ። ይሄ ፉጨት ግን ምንድን ነው?»

ዳኩን ቀየርኩ።

«ይሄም ላይ አለ።»

ጡቡን ሰካሁ።

«አለ። አንተ አትሰማም እንዴ?»

እዚያው ልብሱ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አልተቆጣችኝም፤ ፊቴን አይታ ፈራች።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ከጆሮዬ ከጠፉ ዓመታት ሆኗቸዋል አለኝ። በእነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ «ይለፍ» አልኩ? አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ለመቁጠርም ፈራሁ።

ወዳጆቼ፣ የጆሮዬ ድካም ጥፋት አይደለም፤ ሰው ያረጃል። ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በማግስቱ መጥቼ መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ጠዋት ጠዋት ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ እዚህ፣ በሚኒባስ ተጣብቄ ስመጣ «ዛሬ እነግራታለሁ» እላለሁ። ደረጃው ላይ ገላኔ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» ትለኛለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋታለሁ። ሰው ሁሉ «የላጲሶ ጆሮ» እያለ የሚጠራውን ነገር ማጣት አልቻልኩም። ኦቦ ጃለታ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ በሕይወት ነበሩ። ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ። እኔ በዚያ ሦስት ወር ምን እሠራ ነበር? ፉጨቱን ብቻዬን ላጸዳ እሞክር ነበር። ፉጨቱ ሲወጣ የሽማግሌው ድምፅ አብሮ ይደነዝዛል፤ ይህንንም የነገረችኝ እንቁ ናት።

ኦቦ ጃለታ አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። ባለቤታቸው አዴ ደሪቱ እጄን ያዙና «ድምፁ እናንተ ጋ አለ አይደል? የልጅ ልጆቹ እንዲሰሙት» አሉኝ።

«አለ» አልኩ። በፉጨት መበላሸቱን ደበቅኋቸው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ከሁለት ሳምንት በፊት ለወይዘሮ ዘርፌ ሁሉንም ተናገርኩና መልቀቂያዬን አስገባሁ። ትናንት ደግሞ ካሴት ክፍል ወርጄ ለገላኔ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህብኝማ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አምና ጆሮዬን ተመርምሬያለሁ። በሽተኛ የሆንኩ መስሎኝ።»

ሰማችሁ? ጤነኛዋ ሐኪም ቤት ሄደች፤ በሽተኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል።

ገላኔ፣ ስምሽን ያጠፋሁት በሁሉም ፊት ስለሆነ ይቅርታ የምጠይቅሽም በሁሉም ፊት ነው። ፉጨቱ ነበረ። ልክ ነበርሽ። እናንተም ያንን የቅጽል ስም ከዛሬ ጀምሮ ተዉላት። ዛሬውኑ ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱ ያንቺ ፈንታ ነው።

ወይዘሮ ዘርፌ፣ የእርስዎን ፈቃድ ስላገኘሁ ልናገረው። አዴ ደሪቱ የማሳዎቹን ስም ያውቃሉ፤ ዘፈኖቹንም እንዲሁ፤ ባላቸው ሲሳሳቱ ያርሙ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ማክሰኞ ገላኔ ትሄዳለች። ኢንቨርተሩን እዚህ ትታ፣ በደረቅ ባትሪ ትቀርጻለች። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ለቅሶ ላይ የተናገርኩትን ውሸት ለአዴ ደሪቱ ልናዘዝ። ሽቦም አልነካም። ይህን ማዳመጫ ደግሞ፣ ቅር አይበላችሁና፣ ለገላኔ ስጡልኝ። እኔ ጋ ቢመጣ በከንቱ ይቀመጣል።

እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ከእናንተ የሚያንስ ሰው «አንድ ነገር ይሰማኛል» ሲላችሁ ቆም ብላችሁ የምታዳምጡበትን ልብ ይስጣችሁ። ይህ ቤት ይስፋ፤ እናንተም ከእኔ የተሻለ አርጁ።

ገላኔ፣ ይህ ንግግር እየተቀረጸ ነው። ከምሳ በኋላ አዳምጪው። አንዲት ፉጨት ብትኖርበት እንዳታሳልፊው፤ ስልክ ደውይልኝና ከየካ አባዶ ተሳፍሬ መጥቼ፣ እዚሁ ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ።