ለዘመናይ የታዘዘው ኪኒን

ወይዘሮ ዘነቡ በሚያዝያ ወር በአንድ እሑድ ከባምባሲ ለቅሶ ደርሳ ወደ አሶሳ ስትመለስ፣ ከማታውቃቸው ሽማግሌ ጋር በሚኒባስ መስኮት ምክንያት ተጣላች።

ሙቀቱ የውጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ተሳፋሪ ችላ ትቀመጥ ነበር። የእሷ ግን ከውስጥ ነው። ከደረቷ ይነሣና አንገቷን፣ ፊቷን፣ እስከ ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ያቃጥላታል፤ ከዚያ በላብ አጥምቋት ይሄዳል። ለቅሶው ቤትም መጥቶባት ነበር። ሐዘንተኞቹ ፊቷ በአንድ ጊዜ ሲርስ አይተው ይህን ያህል ለሟቹ አዛኝ መሆኗን አናውቅም ነበር እያሉ ተራ በተራ አቅፈዋታል።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያንን መስኮት ትንሽ ይክፈቱልኝ» አለች።

ሽማግሌው ሐጂ ባቢከር ይባላሉ፤ አሶሳ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ የበርታ ተወላጅ ናቸው። አማርኛን የለመዱት ከደንበኞቻቸው ስለሆነ ሴትና ወንዱ አንዳንድ ጊዜ ይምታታባቸዋል።

«ንፋስ አለ፣ እህቴ» አሉ በትሕትና። «ንፋስ ጆሮ ይመታኛል። አንተ ትንሽ ታገሥ።»

«አንተ? እኔን ነው አንተ የሚሉኝ?»

ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት ሴት ጣልቃ ገባች። «ይቅርታ ያድርጉልን እትዬ፣ አባቴ ናቸው። አባ፣ ‹እርስዎ› ነው የሚባለው።»

«ወላሂ፣ ይሄ አማርኛ ሴት ለብቻ፣ ወንድ ለብቻ፣ ትልቅ ሰው ለብቻ ያደርጋል» አሉ ሐጂ። «ንፋስ ግን ሁሉንም እኩል ይመታል።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ መስኮቱም እንደ ተዘጋ ቀረ። በአገራችን የመኪና መስኮት ክርክር ንፋስ የፈራ ወገን የሚሸነፍበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ዘነቡ በንዴት መሐረብ ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ግማሹ ያለቀ የኪኒን እሽግ ሐጂ ጭን ላይ ወደቀ። እሳቸውም አገላብጠው አይተው ወደ ኋላ አቀበሉት። «ሂባ፣ ቢንቲ፣ ይህን እይ። ልጄ ዶክተር ነው» ብለው በኩራት ጨመሩ። እውነትም ዶክተር ሂባ የማህፀን ሐኪም ሆና ወደ ትውልድ ከተማዋ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ነበር።

ሂባ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን አነበበችና ከአባቷ ጋር ወንበር ተለዋወጠች። ከተቀመጠች በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መስኮቱን አንድ ስንዝር መክፈት ነው። ለዘነቡ ይህ ከየትኛውም ዲግሪ የበለጠ የዕውቀት ማስረጃ ሆኖ ታያት።

«እትዬ፣ ይህን መድኃኒት ማን አዘዘልዎ?» አለች ሂባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዘመናይ።»

«ዶክተር ዘመናይ የት ነው የምትሠራው?»

«ዶክተር አይደለችም። የሰው ሀብት ክፍል ናት።»

እዚህ ላይ የዘነቡን ሁኔታ ማስረዳት ይገባል። ዘነቡ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ከደሴ ተመድባ ወደ አሶሳ ከመጣች ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። የወር አበባዋ ከቆመ ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ራቃት፤ ቁጣዋ በረታ። በሬዲዮ ስለ ዶሮ ክትባት ሲነገር ሰምታ አልቅሳለች። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ዘመናይ ይህን አይታ አዝና ከራሷ ኪኒን አካፈለቻት፤ በወሩ ዘነቡ ሌላ ሰው ሆነች። ሰሞኑን ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ኪኒን ስለ ዘገየ ግማሽ ግማሽ እየቆረጠች ነበር የምትውጠው። የዛሬው ሙቀትም የመጣው በዚሁ ነው።

«ዘመናይ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ታውቃለች?» ብላ ጠየቀች ሂባ።

«አዎ፣ በዕጢ ምክንያት ማህፀኗ ወጥቷል።»

«ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው» አለች ሂባ። «ይህ ኪኒን ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ብቻ ነው። ሙቀቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ያቃልላል፤ እርስዎም አይተውታል። ነገር ግን የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ያወፍራል። ስለዚህ ማህፀን ያላት ሴት ፕሮጀስትሮን የተባለውን ሌላ ሆርሞን አብራ መውሰድ አለባት፤ ግድግዳው ከልክ በላይ እንዳይወፍር የሚጠብቀው እሱ ነው። ዘመናይ የሚጠበቅ ማህፀን የላትም። እርስዎ ግን አለዎት።»

«ልጄ፣ እኔን እኮ ተስማምቶኛል! ስምንት ወር ሙሉ እንደ ሰው ተኝቻለሁ። የተስማማኝን ነገር ለምን እለውጣለሁ?»

ሐጂ ባቢከር የሴቶች ጨዋታ ነው ብለው ፊታቸውን አዙረው ነበር፤ ጆሯቸውን ግን አላዞሩም።

«እህቴ፣ እኔም እንዲህ አደረግሁ» አሉ ከኋላ። «የወንድሜን መነጽር አደረግሁ። ደስ አለኝ፣ ሁሉ ነገር ትልቅ ሆነ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ቆሟል፣ አሰላሙ ዐለይኩም አልሁት። ዝም! ደግሜ አልሁት። ዝም! በጣም ተቆጣሁ። ቀርቤ ሳይ ፍየል ነው።»

ዘነቡ ሳትወድ ሳቀች። ሂባ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ዋናውን ጥያቄ አመጣች።

«የወር አበባዎ ከቆመ በኋላ ደም ታይቶዎት ያውቃል?»

ዘነቡ ወደ ውጭ ተመለከተች።

«ሦስት ጊዜ» አለች። «ወጣትነቴ የተመለሰ መስሎኝ ቀይ ጫማ ገዛሁ።»

«ጫማውን ደስ ብሎዎት ያድርጉት። ደሙ ግን ሳይመረመር አይታለፍም። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ነገር ሆኖ አይገኝም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የካንሰር መጀመሪያ ይሆናል። ነገ ይምጡና ልይዎት።»

«ኧረ ተይኝ! እናቴ ይህን ሁሉ ምንም ሳትውጥ፣ ሐኪም ቤት ሳትረግጥ አልፋዋለች።»

«እናትዎ ስለዚህ ጉዳይ አጫውተውዎት ያውቃሉ?»

«በጭራሽ! እንዲህ ያለ ነገር ይወራል እንዴ?»

«ታዲያ እንዴት እንዳለፉት በምን አወቁ?»

እናቷ በዚያ ዕድሜ በአንዲት ዶሮ ምክንያት ከጎረቤት ሁሉ ተጣልታ አንድ ክረምት ሙሉ ማንንም ሳታነጋግር መቅረቷ ትዝ አላት። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ጥፋቱን በዶሮዋ አሳብቦ ነበር።

ያም ሆኖ መነኸሪያ ሲደርሱ እመጣለሁ አላለችም። ስልክ ቁጥሩን ግን ተቀበለች።

ባሏ አቶ ይልቃል የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ጎጃሜ፣ ረጋ ያለ፣ ካልጠየቁት የማይናገር። እራት ላይ ዘነቡ ዙሪያ ጥምጥም ሄደች። «አንዲት ሴት ነበረች አሉ፤ ማህፀን ለሌላት ሴት የታዘዘ መድኃኒት ስትወስድ...»

«ያቺ ሴት አንቺ ነሽ?» አለ ይልቃል።

ሁሉንም ነገረችው። ሙቀቱን፣ ኪኒኑን፣ ደሙን። ይልቃል ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «አምና ወደ ግልገል በለስ ዝውውር ጠይቄ ነበር። ብሄድ ዕረፍት ታገኛለሽ ብዬ። በኋላ ፊትሽ ሲፈታ ማመልከቻዬን ሳብሁት።»

ዘነቡ ደነገጠች። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ትዳር ስሙ ባልተጠራ ነገር የተነሣ ሜዳ ላይ ሊቀር ነበር።

«እና ዝም አልህ?»

«አንቺስ?»

ሁለቱም ሳቁ። «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ ይልቃል።

በማግሥቱ ይልቃል ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ዘነቡ ደግሞ በነጠላዋ እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ሐኪም ቤት ሰልፍ ያዙ። አንድም የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ነበር ምኞቷ። ከፊቷ የቆመችው፣ እሷም በሻሽ የተሸፋፈነችው ሴት ዞር ስትል ግን አብራት መዝገብ ቤት የምትሠራው ሰዕዲያ ሆና ተገኘች።

«እኔ ለአክስቴ ልጅ ልጠይቅላት ነው የመጣሁት» አለች ሰዕዲያ ፈጥና።

«እኔም ይልቃልን ላሳክም ነው» አለች ዘነቡ። ይልቃል የቆመው የማህፀን ሕክምና ከሚለው ጽሑፍ ሥር ነበር።

በአልትራሳውንድ ሲታይ የማህፀኗ ግድግዳ ወፍሮ ተገኘ። ሂባ ኪኒኑን አስቆመች፤ ናሙናም ወስዳ ወደ አዲስ አበባ ላከች። ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሙቀቱ በሙሉ ኃይሉ ተመለሰ። ዘነቡ በርና መስኮቱን ሁሉ ስትከፍት ይልቃል ጋቢ ደርቦ ምሳውን ይበላ ነበር። ከሙቀቱ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ለይልቃል ታቀብለው ነበር።

ውጤቱ መጣ። ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን ግድግዳው ከልክ አልፎ አድጓል፤ ዝም ቢባል ከጊዜ በኋላ ወደ ክፉ ሊለወጥ ይችል ነበር። ዘነቡ የሐኪሟን እጅ ይዛ አለቀሰች። ከዚያም ዓይኗን ጠርጋ እንዲህ አለች፦

«በቃ! ከእንግዲህ ሆርሞን የሚባል ነገር በደጄ አያልፍም!»

«እትዬ፣ እንዳይፈርዱበት» አለች ሂባ። «መጀመሪያ ዓይንዎን ጨፍነው ወሰዱት፤ አሁን ደግሞ ዓይንዎን ጨፍነው ሊጥሉት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ገደል አፋፍ ያደረሰኝ እሱ አይደለም እንዴ?»

«ያደረሰዎት ያለ ጓደኛው መወሰዱ ነው። አሁን ስድስት ወር ያህል ፕሮጀስትሮን ብቻ ይወስዳሉ፤ እሱ ግድግዳውን ይመልሰዋል። እንደገና እናየዋለን። ደህና ከሆነ ምርጫው የእርስዎ ነው። ሙቀቱ የሚቻል ከሆነ ይተውታል። ሆርሞን ያልሆኑ ሙቀት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ። ወይም ሁለቱን ሆርሞኖች አብረው ይወስዳሉ። የደም ግፊትዎ ከፍ ስለሚልና ማይግሬን የተባለው ከባድ ራስ ምታት ስላለብዎ ኤስትሮጅኑን በኪኒን አልሰጥዎትም። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ አለ። የሚዋጠው ደም የመርጋት ዕድልን ትንሽ ይጨምራል፤ የሚለጠፈው ግን ያን ያህል አያሰጋም።»

«ጉዳትስ የለውም?»

«አለው። ዓመታት ሲወሰድ የጡት ካንሰርን ዕድል በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ በየዓመቱ ተገናኝተን ይቀጥል ወይስ ይብቃ ብለን እንመካከራለን። ጥቅሙንም ጉዳቱንም አውቀው ይወስናሉ እንጂ፣ እኔም ዘመናይም አንወስንልዎትም።»

ይህ የመጨረሻው አነጋገር ነው ዘነቡን የረታት። በሃያ አራት ዓመት የቢሮ ሥራዋ ወስኚ ያላት ሰው አልነበረም።

ኅዳር ላይ ማህፀኗ ደህና መሆኑ ተረጋገጠ። ሁለቱን ሆርሞኖች መረጠች፤ የሚለጠፈው አሶሳ ውስጥ ስላልተገኘ ሂባ ከአዲስ አበባ የሚመጣበትን ማዘዣ ጻፈችላት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንቅልፏ ተመለሰ፤ ሙቀቱም አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ሆነ። ይልቃል ጋቢውን አጥቦ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተው።

ዘነቡም አንድ ቀን የተረፉትን ኪኒኖች ይዛ መዝገብ ቤት ውስጥ ከዘመናይ ጋር ተቀመጠች።

«ለቅንነትሽ አመሰግናለሁ» አለቻት። «ይህ ግን ለአንቺ የታዘዘ ነው። ለመሆኑ አንቺን ሐኪም ካየሽ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«አራት ዓመት። ተስማምቶኛል፤ ለምን እሄዳለሁ?» አለች ዘመናይ።

ዘነቡ የራሷን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ፈገግ አለች። ከዚያም ታግሣ አንድ በአንድ አስረዳቻት። ያለ ሐኪም የተጀመረ መድኃኒት እንደሚያሳስት፣ በሐኪም የተጀመረም ሳይታይ መቆየት እንደሌለበት፤ ዕድሜ ሲጨምር መጠኑም ዓይነቱም እንደሚለወጥ፤ መለወጥ ማለት መተው እንዳልሆነ፤ ማረጥም የተፈጥሮ ሥርዓት እንጂ ተሸፋፍነው የሚደብቁት ነውር እንዳልሆነ። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት አንድ ቀን እንኳ ማዘግየት እንደሌለባትም ጠረጴዛውን እየመታች ተናገረች። ሰዕዲያም ወንበሯን አስጠግታ ትሰማ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ የሚለውን ከተወችው ቆይታለች። በመጨረሻ ዘመናይ ሰኞ ልትሄድ ተስማማች።

በዚህ ጊዜ ከፋይል መደርደሪያው ኋላ ሳል ተሰማ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ፈንታ ነበሩ፤ ፋይል ፍለጋ ገብተው ለመውጣት ሲያፍሩ ሁሉንም ሰምተዋል። ሠራተኛው ሁሉ የሚፈራቸው ሰውዬ ኮታቸውን እየነካኩ ብቅ አሉ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ የሐኪሟን ስልክ ብትሰጪኝ... ባለቤቴ ካኮረፈችኝ ሦስት ወሯ ነው። እኔማ የራሴ ጥፋት መስሎኝ ነበር።»

ዘነቡ ቁጥሩን በጥራት ጽፋ ሰጠቻቸው።

«የእርስዎም ጥፋት አይጠፋበትም፣ አቶ ፈንታ» አለች። «መጀመሪያ ግን ሐኪም ትያት።»